ማንም ያልመታት ጥርስ

ጎሚስታው ቂሙን የቋጠረው እንደ ሌላው ሰው በሆዱ አልነበረም፤ በአፉ ነበር። ከሁለቱ ትልልቅ የላይኛው የፊት ጥርሶቹ በስተቀኝ ቀጥላ ካለችው ጥርስ በላይ፣ ድዱ ላይ፣ ምስር የምታክል እባጭ ነበረችው። ትሞላለች፤ ትፈነዳለች፤ መራራ መግሏን አፉ ውስጥ ለቅቃ ትደርቃለች፤ ወር ሁለት ወር ዞራ ደግሞ ትመጣለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስትመላለስበት ኖረች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እሱማ ልርሳ ቢልስ ማን ያስረሳዋል። በፈነዳች ቁጥር የታላቅ ወንድሙን ቡጢ ከነጣዕሙ ታስታውሰዋለች።

ነገሩ የሆነው እሱ አሥራ ሰባት፣ ወንድሙ ሃያ አራት ዓመታቸው ሳለ ነው። እናታቸው ከሞተች በኋላ ሁለቱንም ያሳደጓቸው የእናታቸው ወንድም ናቸው፤ ጎማ የሚጠገንበት፣ መኪና የሚበየድበት ሰፊ ግቢ አላቸው። ታላቅየው ያኔ የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ እጁ ከምላሱ የሚቀድም ሰው ነው። አንድ ቀን በክሪክ የተነሳ መኪና ተንሸራተተና የአንድ መካኒክ ሁለት ጣቶች ከቸርኬው ሥር ቀሩ። ጎማው ሥር ድንጋይ ያላስቀመጠው ይሄ ልጅ ነው አሉ። አስቀምጦ ነበር። ያነሳው ሌላ ሰው ነው። ወንድሙ ግን አልጠየቀም። አሥራ አንድ ሰው ቆሞ እያየ አንገትጌውን ጨምድዶ ያዘና አንዱን ቡጢ ጆሮ ግንዱ ላይ፣ ሁለተኛውን ጎኑ ላይ፣ ሦስተኛውን አፉ ላይ አሳረፈው። ዘይት በጠጣው መሬት ላይ ሲወድቅ በጫማው ደገመው። ድንጋዩን ያነሳው ማን እንደሆነ በሦስተኛው ቀን ታወቀ። ይቅርታ የሚባል ነገር ግን ከማንም አፍ አልወጣም። ትንሽ ሰው ሲመታ መመታቱ እንጂ መበደሉ አይታይም።

ወር ሳይሞላ ድዱ አበጠ፤ ጉንጩ ተነፋ፤ አንድ ዓይኑ ተከደነ። የግቢው ሰው ፊኛ ብሎ ስም አወጣለት። ጎማ ነፊው ራሱ ተነፍቶ መጣ እያሉ ሲስቁ ወንድሙም አብሮ ሳቀ፤ እስከ ዛሬም በር ላይ ሲያገኘው፣ "ፊኛ፣ ዛሬ ስንት ተሞላህ?" ይለዋል። ያኔ የወሰዱበት ጥርስ ነቃይ ጥርሷን በብረት ኳ ኳ አደረጋት። አልተቦረቦረችም፤ አልጠቆረችም፤ እንዲህ ነጭ ሆና ሥሯ የሚመግል ጥርስ የተመታች ብቻ ናት ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ጸና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎሚስታው ወንድሙን ወንድም ጋሼ ብሎ ጠርቶት አያውቅም። ለደንበኛውም፣ ለጎረቤቱም፣ ለወንድሙ ሚስትም ሳይቀር "ጥርሴን የገደለው ሰውዬ" ነው የሚለው።

አጎትየው ዘንድሮ ሰማንያ አለፋቸው። ግቢውን ለሁለቱ ለቀው ማረፍ አማራቸው፤ ግን እነዚህ ሁለቱ አፈሬ ሳይደርቅ ይጋደላሉ ብለው ፈሩ። ስለዚህ አንድ ነገር ቆረጡ። ታናሽየው ደህና የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይታከም፤ ወረቀት ያምጣ። ወረቀቱ ምቱ ነው የገደላት ካለ፣ ታላቅየው በመታበት ቦታ፣ ሠራተኛው ሁሉ በቆመበት ይቅርታ ይጠይቃል። አይደለም ካለ፣ ታናሽየው አፉን ይዘጋል። ሾፌሩ ከንፈሩን አጣሞ፣ ሐኪም ይበለው እንጂ እግሩ ላይ እወድቃለሁ አለ። ቀኑም ተቆረጠ፤ የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ፣ ሥራ ሲፈታ፣ ስድስት ሰዓት ላይ።

ጎሚስታው ያቺን ቅዳሜ ሲያስባት አጥንቱ ይለመልማል። ከአሥራ አንዱ ሰዎች ሰባቱ ዛሬም እዚያው ግቢ ይሠራሉ። ቆጥሯቸዋል።

ሐኪሟ ፀጉሯን ያሳጠረች፣ ቃል የማታባክን ሴትዮ ናት። የመጀመሪያው ቀን ያበጠውን በጥታ አፈሰሰችው፤ ሽታው ረዳቷን ወደ መስኮት አስኬዳት። ከዚያ የጥርሷን የራጅ ፎቶ አነሳችና አስጠግታ አየችው። ቀጥላ፣ ለምን እንደሆነ ሳትነግረው፣ በግራ በኩል ያለችውን መንትያዋንም አነሳች። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ና እይ አለችው።

ጥርሷ ውስጥ ሌላ ትንሽ ጥርስ የተቀመጠች ትመስላለች። ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችው። ጥርሷ ገና ድድ ውስጥ ስትሠራ፣ ልጅ ሳለ፣ ጠንካራው ልባሷ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ የጓንት ጣት ወደ ውስጥ ሲገለበጥ ዓይነት። ከኋላዋ በዓይን የማትታይ ቀዳዳ ቀርታለች። በዚያች ቀዳዳ ምራቅና ጀርም እየገባ ውስጧን አበሰበሰው፤ ሥሯም ጫፉ ሳይዘጋ ሞተ። ፊቷ ግን እንደነጣ ነው። ጎሚስታው በራሱ ሙያ ተረጎመው፤ ጎማው አዲስ ነው፣ የውስጡ ከመነዳሪ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ታጥፎ ነው የገባው። እንዲህ ያለው ጎማ ድንጋይ ቢያገኘውም ባያገኘውም መንገድ ላይ ያስቀራል።

ገባው፤ ግን አልተቀበለም። ቡጢውን፣ ቦታውን፣ የቆመውን ሰው ቁጥር ሳይቀር ነገራት። እሷ እስኪጨርስ ጠብቃ ጣቷን በግራዋ ጥርስ ፎቶ ላይ አሳረፈች። እዚያም ውስጥ ያቺው እጥፋት፣ ያቺው ትንሽ ጥርስ ተቀምጣለች።

"ይቺንስ ማን መታህ?" አለችው።

እሷ ቀጠለች፤ እንዲህ ያለው ነገር በዘር ሊመጣ ይችላልና ከቤተሰብ የፊት ጥርሱን በወጣትነቱ ያጣ ሰው ታውቃለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። እናቱ ትዝ አለችው። ስትስቅ አፏን በእጇ ትከልል ነበር፤ እዚያው ቦታ ላይ ክፍት ነበረባት። አባታችሁ በጥፊ አወለቀው እየተባለ ነው ያደጉት። አባትየው እስኪሞት ድረስ እሷን ጥርስ አልነካሁም ሲል ኖረ፤ ሌላውን ጥፊ ሁሉ ሲያምን ያቺን አንዷን ግን አላምንም አለ። ማን ይስማው። ጎሚስታው ይህን ለሐኪሟ አልነገራትም። ማንንም አላውቅም አለ።

የግራዋን ሳትታመም ቀዳዳዋን በነጭ መሙያ ደፈነችለት። የቀኟን ደግሞ እሱን ሦስት ጊዜ አስተኝታ ከኋላዋ በስታ፣ ፀጉር በሚያህሉ ብረቶች የሥሯን ቧንቧ ፋቀችው፤ በረኪና በሚሸት ውሃ አጠበችው፤ መድኃኒት ሞላችው። እባጯ ግን ተመልሳ መጣች። እንግዲህ ከላይ የማይደረስበትን ከጎን ገብተን እናወጣዋለን አለችው።

የቀዶ ጥገናው ቀን ጎሚስታው የራሱ ሥራ በራሱ አፍ ላይ ሲሠራ አየ። ካደነዘዘችው በኋላ ድዱን ሰንጥቃ፣ ጎማ ከቸርኬ እንደሚፈለቀቅ፣ በብረት ከአጥንቱ ፈልቅቃ ወደ ላይ ገለበጠችው። አጥንቱን ስትበሳው ድምፁ በጆሮው አልመጣም፤ በራስ ቅሉ ውስጥ ነው የጮኸው። ደሙ በጉሮሮው ወረደ። የወንበሩን ክንድ ሲጨብጥ ጥፍሩ ቆዳውን በሳው። ከዚያ በትንሽ ማንኪያ ትፍቅ ጀመር፤ ትፍቃለች፣ ትጎለጉላለች፣ አንገቱ አብሮ ይነቀነቃል። በመጨረሻ የሥሯን ጫፍ ቆርጣ ጣለች፤ ጉድጓዱን በመድኃኒት ደፈነች፤ ድዱን መልሳ በሰባት ክር ሰፋችው።

ያወጡትን አሳዩኝ አለ። በብረት ሳህን አመጡለት። ባቄላ የምታክል፣ ደም የለበሰች ከረጢት ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተሸከመው እሱ ራሱ ትልቅ ነገር መስሎት ነበር። ወንድሙን የሚያክል ነገር።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ። ምቱ ነው ብለው ይጻፉልኝ ብሎ ለመናት። ፎቶውን አየሁ፤ ቡጢውን አላየሁም፤ ያላየሁትን አልጽፍም አለችው። የጻፈችው ይህን ነው፤ ችግሩ ከአፈጣጠር ነው፤ በሁለቱም በኩል አለ፤ ከምት የመጣ አይደለም። ማኅተም መታችበት። ጎሚስታው አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ለሰው ግን ሌላ ነው የተናገረው፤ ሐኪሟ ምቱ መሆኑን አረጋግጣለች፣ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ወንድሙ አንዴ ይቅርታ ካለ በኋላ ወረቀት ቢመጣ ባይመጣ ማን ይጠይቃል።

ቅዳሜ ሆነ። ከተሰፋ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ ከንፈሩ ገና እንደደረቀ ቆዳ ተወጥሯል። አምስት ሰዓት ሲሆን ከሰባቱ ስድስቱ ግቢ ውስጥ ነበሩ፤ አጎትየው ወንበራቸውን በር ላይ አስወጥተው ተቀምጠዋል። ጎሚስታው የአንድ የስፖርት መምህር ሞተር ሳይክል የኋላ ጎማ እየለጠፈ ነው። መምህሩ ፉጨቱን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ያወራዋል፤ ቀጭን፣ ሳቅ የሚቀናው ሰው ነው።

ሾፌሩ በዚህ መሐል ሴት ልጁን በእጇ እየጎተተ ገባ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የላይኛው ከንፈሯ ተገልብጧል፤ ጉንጯ እስከ ዓይኗ ድረስ አብጧል። ከአንድ ወር በፊት ትምህርት ቤት የኳስ ክፍለ ጊዜ ላይ ኳስ አፏን መቷት ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ነው ኳሱን የወረወረው መምህሩ መሆኑን የነገረችው። አባዬ፣ ቀስ ብሎ ነው እኮ የወረወረው ትላለች፤ የሚሰማት የለም። ሾፌሩ ልጁን ወደ ሐኪም ሊወስዳት፣ የሐኪሟንም ቤት ከወንድሙ ሊጠይቅ ነበር የመጣው። የልጁን መምህር እዚያ ቁጢጥ እንዳለ አገኘው።

መምህሩ ሰላም ሊል ቀና ሲል ሾፌሩ በጉልበቱ ፊቱን መታው። አፍንጫው ሲሰበር ሁሉም ሰማው፤ ደረቅ እንጨት ሲቀነጠስ ዓይነት ነው። መምህሩ በሞተሩ ላይ ወደቀ፤ ሞተሩም በላዩ። ሾፌሩ ሞተሩን በአንድ እጁ አንስቶ ወረወረና ጎኑን ረገጠው፤ ደገመው፤ ሦስተኛውን ሲረግጠው መምህሩ ድምፅ ማውጣት አቆመ። ሁለት ሠራተኞች ሊይዙት መጡ፤ አንዱን በክርኑ ጉሮሮው ላይ ብሎ አስቀመጠው፤ ሌላው ራሱ ቆመ። ሾፌሩ በመምህሩ ደረት ላይ ተንበርክኮ መሬት ላይ የነበረውን የጎማ መፈልቀቂያ ብረት አነሳ። ጫፉን በመምህሩ ከንፈሮች መካከል አስገባው። ጥርስና ብረት ሲጋጩ ተሰማ። ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ታለቅሳለች።

"ጥርስ በምት እንዴት እንደሚሞት እኔን ጠይቁኝ፤" አለ ሾፌሩ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ፣ ዓይኑን በቆሙት ሰዎች ላይ እያዞረ። "የወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ። አይታችኋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲመግል እያየሁ ስቄያለሁ። ይሄ ደግሞ የልጄን ገደለ፤ የሱን ሳላወርድ አልነሳም።"

ይኸው መጣ። ጎሚስታው የጠበቀው ቃል፣ በጠበቀው ቦታ፣ ስድስቱ ሰዎች ባሉበት፣ ገና ስድስት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ። አንድ ትንፋሽ ያህል ጣፈጠው። ሁለተኛውን ትንፋሽ ሲስብ ብረቱ የማን እንደሆነ አየ። የራሱ ነው፤ እጀታው ላይ ላስቲክ የጠቀለለው እሱ ነው። ብረቱ በመምህሩ ጥርሶች መካከል መዞር ጀምሯል።

ወደ ልጅቷ ዞረና እስቲ የኔ እናት ብሎ ከንፈሯን በአውራ ጣቱ ገለበጠው። ጥርሷ ነጭ ናት። ሙሉ ናት። ከሁለቱ ትልልቆቹ በስተቀኝ ቀጥላ ካለችው በላይ ምስር የምታክል እባጭ ተቀምጣለች።

ዝም ማለት ይችል ነበር። ማንም አይጠይቀውም። መምህሩ ለእሱ ምኑ ነው።

"ወንድም ጋሼ፣" አለ፣ "ጥርሴን አልገደልከውም።"

ሾፌሩ አልሰማም። ጎሚስታው ከኋላ ገብቶ ብረት የያዘውን ክንድ አነቀ። ሾፌሩ ማን እንደያዘው እንኳ ሳያይ ክንዱን መንጭቆ ወደ ኋላ ሰነዘረ፤ ብረቱ በሙሉ ክብደቱ የጎሚስታው አፍ ላይ አረፈ። ሰባቱ ክሮች አንድ በአንድ ሲበጠሱ ተሰማው። አፉ ሞቀ። አንድ ጠንካራ ነገር ምላሱ ላይ ተንከባለለ። አልወደቀም። በሁለት እጁ የወንድሙን አንገት ከኋላ ቆልፎ፣ እግሩን ወገቡ ላይ ተክሎ፣ እንቢ ያለ ጎማ እንደሚጎትት ጎተተው። ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ። ወንድሙ በክርኑ ጎኑን ደቃው፤ እሱ አልለቅም አለ፤ ደሙ በወንድሙ አንገት ላይ እየወረደ ጆሮው ላይ ይጮኻል።

"ታጥፎ ነው የተፈጠረው። የኔም። የልጅህም። የእማዬም። ኪሴን እየው።"

ኪሱን ያዩት አጎትየው ናቸው። በበትራቸው ተደግፈው መጥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከተያያዙት ሰዎች መሐል ወረቀቱን መዘው አወጡ። ግማሹ ደም ነው። የሚነበበውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ከአፈጣጠር የሚለው ጋ ሲደርሱ ደገሙት። የእህታቸው ነገር መጣባቸው መሰለ፣ ወረቀቱን አጥፈው ለአፍታ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

የሾፌሩ ክንድ ላላ። ብረቱን ጣለው። መምህሩን ሠራተኞቹ በብርድ ልብስ አንስተው ወደ ሆስፒታል ይዘውት ወጡ፤ ይተነፍሳል፣ ግን በአፍንጫው አይደለም። አጎትየው ነገ ፖሊስ ይመጣል አሉ። ሾፌሩ ይምጣ አለ። መሬት ላይ እንደተቀመጠ ወንድሙን አየው።

"ታዲያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምን ስትለኝ ኖርክ?"

ጎሚስታው አፉ ውስጥ ያለውን ደም ተፋ።

"ቡጢውን ግን መተኸኛል። ድንጋዩን አስቀምጬ ነበር።"

ሾፌሩ የተጸጸተ አይመስልም ነበር። ተነስቶ ልጁን ታቀፈና፣ ሐኪሟ የት ናት አለ።

የሐኪሟ ቤት ሊዘጋ ሲል ደረሱ። ከሦስቱ መጀመሪያ እሱን አስገባችው፤ ደሙ ወለሉን እያበላሸ ነው። ክሮቹን አየች፤ ምላሷን በላንቃዋ መታች። ድዱን አጥባ እንደገና መስፋት ጀመረች፤ ይህን ጊዜ ማደንዘዣው በደንብ አልያዘም፤ እያንዳንዱ መርፌ እስከ ቅንድቡ ድረስ ሄደ። የቀኟ ጥርስ፣ ያቺ የሞተችው፣ ንቅንቅ አላለችም። የግራዋ ናት ከመሐሏ የተቆረጠችው፤ በሽታ ነክቷት የማታውቀው፣ የተደፈነችው። ግማሿ በመዳፉ ውስጥ አለች።

ሐኪሟ ብርሃኑን አቀረበች፤ ስብራቱን አየች። ያኔ የጠየቀችውን ደግማ ጠየቀችው፤ አሁን ግን ማስረዳቷ አልነበረም።

"ይቺንስ ማን መታህ?"

በሩ በከፊል መስተዋት ነው። ወንድሙ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይታያል፤ ልጅቷ ጭኑ ላይ ናት፤ በትልቁ እጁ ያበጠ ጉንጯን ሳይነካው ከልሎታል። ሐኪሟ ይህ የምት ነው፣ አይቼዋለሁ፣ ከፈለግህ እጽፈዋለሁ አለችው። ፖሊስ ነገ እንደሚመጣ ጎሚስታው ያውቃል። እንዲህ ያለ ወረቀት በመምህሩ አፍንጫ ላይ ቢደመር ወንድሙ መቼ ከእስር እንደሚወጣ አይታወቅም።

"ይጻፉልኝ፤" አለ። "ቀኑንም ይጻፉበት። የልጅቷን ጥርስ ግን አይንቀሉት፤ እንደኔው ይሥሩላት።"

ጻፈች። ማኅተም መታች። አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው፤ የድሮው በነበረበት። በጥጥ የተሞላ አፉን ገጥሞ ወጣ። ወንድሙ ቀና ብሎ፣ ምን አለች አለው።

ጎሚስታው ኪሱን በመዳፉ ዳበሰ።

"ልጅህን አስገባ አለች።"